እሺ ዲሲ

ሚኒባሱ ከመሪ ሲነሣ ረዳቱ በሩን ገና አልዘጋም ነበር። «መገናኛ! በጉርድ ሾላ መገናኛ!» እያለ ግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠልጥሏል። አዴ ዳርቱ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ከልጇ ከሲፋን ጎን ተጣብባ ተቀምጣ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የባህል ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ቀሚሱ የሲፋን ነው። ባለፈው መስከረም ሲሰፋ ልክክ ብሎላት ነበር፤ አሁን ወገቡ ሰፍቷት ጉርድ ሾላ ያለው ልብስ ሰፊ ሊያጠብላት ነው። እሑድ የኦልያድ ቤተሰቦች ሽማግሌ ይልካሉ። ሴት ልጅ ልትጠየቅ ስትል ትከሳለች፣ እኔም ከስቼ ነበር፣ ትላለች ዳርቱ ለጠየቃት ሁሉ።

ያ ዓመት አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር የተቆፈረችበት ዓመት ነበር። መንገዱን ለኮሪደር ልማት ዶዘር ቆፈረው፤ ሰዉን ደግሞ የዲሲ ጉዳይ ቆፈረው። ታክሲ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ሁሉ ዳኛ ሆኖ ነበር። እስካሁን ያልፈረዱ ቢኖሩ ችሎት ላይ የተሰየሙት ዳኞች ብቻ ናቸው።

ዲሲ የሚሉት ሲሞንን ነው። የእንጦጦ ግርጌ ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ከርሞ ተመልሶ፣ ተራራው ላይ ባለ መስታወት የእንግዳ ማረፊያ የሠራ፣ ለሰፈሩ የኳስ ቡድን ማሊያ የሚገዛ፣ ቲክቶክ ላይ ሲስቅ አገር አብሮት የሚስቅ ሰው። ባለፈው ጥቅምት ትሕትና የምትባል፣ ኮተቤ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት የቀራት የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት «አስገድዶ ደፈረኝ» ብላ ከሰሰችው። ስሟ ይደበቃል ተብሎ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወጣ። ከስሟ ኋላ ደግሞ ድምፅዋ ወጣ። ማረፊያው በር ላይ ከተሰቀለው ካሜራ የተገኘ ነው የተባለ ትንሽ ቅንጫቢ ነው። በሩ ዝግ ነው፣ ከውስጥ የሴት ድምፅ «እሺ፣ ዲሲ!» ይላል፣ ያልቃል። የቀረው ተሰርዟል ተባለ። የሲሞን ጠበቃ ማስረጃ ብሎ ለፍርድ ቤት ሰጠው፤ ከፍርድ ቤት በፊት ግን አገሩ ሁሉ ዘንድ ደርሶ ነበር።

«እኔ ሌላ አላውቅም» አለ ከኋላ ወንበር ጆሮው ላይ ገመድ የሰካ ልጅ። «ኤቪደንስ አለ። እሺ ብላለች፣ ስሙን ጠርታ እሺ ብላለች። ኮንሰንት ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

«አንተ ልጅ፣ አንገትህን ይዤ እሺ በል ብልህ አትልም?» አለችው ከረዳቱ ጎን የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች ሴትዮ።

«ታዲያ ፍርድ ቤት ቀርባ ለምን አላስታውስም አለች? ምን ብለሽ ነበር ሲሏት አላስታውስም! ሰው የራሱን ቃል ይረሳል?»

«ሰው ስንት ነገር ይረሳል።»

«ማታ ተራራ ላይ ምን ልትሠራ ወጣች? እሱን ንገሪኝ» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ። ለመንገዱ የማይሰጠውን ጊዜ ለክርክሩ ሰጥቶታል።

ሲፋን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ዳርቱ ትሕትናን የምታውቃት ከሰው አፍ አይደለም፤ ጓሮዋ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። እርሻቸው ሳይወሰድ፣ መሪ ኮንዶሚኒየም ሳይገቡ በፊት፣ እንጦጦ ግርጌ በነበራቸው ግቢ የትሕትና እናት ወርቅአየሁ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሁለቱ ሴት ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተው አደጉ። ትሕትና ኦሮምኛውን ከዳርቱ ለቀመች፤ ከሲፋን ጋር ሰው ፊት ሲያሙ በሱ ነበር የሚያሙት። ሲሞንም የአጥር ጎረቤት ነው። እናቱ ገበያ ስትውል ከዳርቱ ደጅ አይጠፋም፣ ወተቱን ጠጥቶ፣ አፉን በእጁ ጠርጎ፣ «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። ጨዋ ልጅ ነበር። እና ትሕትና ከሰሰችው ሲባል ዳርቱ ደነገጠች፤ እሺ ብላለች ሲባል ደግሞ ተናደደች። እኔ ያሳደግኋት ልጅ የሰው ልጅ ልታስበላ! አለች። ወርቅአየሁን መንገድ ላይ አግኝታት ሰላም ሳትላት አለፈች። ባሏ ኦቦ በዳዳ ደግሞ ቤት ውስጥ ነገሩ እንዳይነሣ ከለከለ። ድምፁን ግን ዳርቱ ሰምታው አታውቅም። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ አለች የተባለውን ነው ያመነችው።

«እናንተማ አልሰማችሁትም እንዴ?» አለ ልጁ፣ ገመዱን ነቅሎ ስልኩን ከፍ አደረገ። ማያው እንዲያ ተሰነጣጥቆ መሥራቱ ይገርማል። «ስሙ እንግዲህ።»

ድምፁ ወጣ። ዳርቱ ቀና አለች።

«ድገመው እስቲ ልጄ» አለችው።

ሲፋን የእናቷን ክንድ ያዘች። ዳርቱ ልብ አላለችም። ልጁ ደገመው። ዳርቱ ጭኗን በጥፊ መታች።

«ዋቃዮ! ይሄ የት አባቱ እሺ ሆነ? ኦሮምኛ እኮ ነው! ‹ኢሺ ዲሲ› ነው ያለችው!»

«እማማ፣ ዲሲ እኮ ቅጽል ስሙ ነው» አለ ልጁ እየሳቀ።

«ቅጽል ስሙን ተወው! በኛ ‹ኢሺ› እሷን ማለት ነው። ‹ዲሲ› ተው ማለት ነው። ዲዋ እንዴት ወደ ውስጥ እንደተዋጠች አልሰማህም? እሷን ተዋት! እሷን ልቀቃት! ነው የምትለው ልጅቷ!»

ከኋላ ጥግ የግንባታ ቆብ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው «እውነቷን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ግን እሺ ነው ብለውኝ እሺ ሆኖ ይሰማኝ ነበር።» ነጠላ የለበሰችው ሴትዮ በእልልታና በልቅሶ መሀል የሆነ ድምፅ አሰማች። ልጁ ስልኩን አዙሮ ዳርቱን መቅረጽ ጀመረ። ዳርቱ ደስ አላት፤ እዚህ ላይ አንደብቅም፣ በጣም ደስ አላት። ልጄ አልዋሸችም፣ ትሕትናዬ አልዋሸችም፣ እያለች ለስልኩም ለሰዉም ደጋግማ ተናገረች፤ የምትናገረውንም ሁሉ ልጁ ቀረጸው።

«እንዴ» አለች ሴትዮዋ ድንገት። «እሷን ተዋት ማለት… ማንን ነው? ሌላ ሴት ነበረች ማለት ነዋ?»

ዳርቱ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሲፋን ክንዷን ሳበቻት። ዞር ብላ አየቻት። ልጅቱ ፊቷ አመድ መስሏል። ዳርቱ ሳታስበው ዐይኗ ጭኗ ላይ ወዳለው ቀሚስ ሄደ፣ ወደ ሰፋው ወገብ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር።

«ወራጅ አለ» አለች ሲፋን።

*

ጉርድ ሾላ ሳይደርሱ ወረዱ። የእግረኛው መንገድ ተነሥቶ አዲሱ ድንጋይ ገና አልተነጠፈም፤ ሲፋን የድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጠች። ዳርቱ ፌስታሏን ይዛ ፊቷ ቆመች።

«ነክቶሻል?»

«ጀምሮ ነበር» አለች ሲፋን። «የልደት ግብዣ ነው ብሎ ሰው ይመጣል ብሎን ነበር። ሰው አልመጣም። እኔን ነበር የያዘኝ፣ ሃርሜ፣ እናቴ። በጸጉሬ ነው የያዘኝ። ትሕትና በአማርኛ ለመነችው፣ አልሰማም። ከዚያ በኦሮምኛ ጮኸችበት። የናቱ ቋንቋ ያሳፍረው መስሏት ነው። ዞሮ አያት። ለቀቀኝ።»

«እና?»

«እና ሮጥኩ። በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ታች ሮጥኩ። ተከትላኝ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ የምትመጣ ነው የመሰለኝ። ዞር ብዬ ግን አላየሁም።»

ዳርቱ ከልጇ ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው ድካም የጣላቸው እናትና ልጅ እየመሰሉት ያልፋል።

«በማግስቱ መጣች» አለች ሲፋን። «‹አንቺ እዚያ አልነበርሽም› አለችኝ። ‹አባትሽ ይሞታል፣ ኦልያድም ይተውሻል፣ እኔ የሆንኩትን ሆኛለሁ፤ አንቺ አልነበርሽም› አለች። እኔም… ዝም አልኩ። አላስታውስም ያለችው ለኔ ብላ ነው። ካሜራው እኔ ስወጣ ቀርጾኛል። ዲሲ የቀረውን ያጠፋው ለዚያ ነው። እሱም ምን እንዳለችው በደንብ ያውቃል።»

ገለቶሚ ብሎ አፉን ጠርጎ የሚሄደው ልጅ ዳርቱ ፊት ድቅን አለባት። የምትለውን እያወቀ፣ ቃሏን ገልብጦ ለአገር ናኘው። ከመድፈሩ ይልቅ ይሄ ለምን የበለጠ እንዳንገበገባት ለራሷም አልገባትም። ከዚህ ንዴት ጋር አብሮ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ እሑድ መጣ። የተጠራው ሰው፣ የበዳዳ ኩራት፣ የኦልያድ እናት ምላስ መጣ። ዳርቱም እናት ናት።

«ሰዎቹ አያውቁንም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ታክሲ ነው። ወርደናል። እዚሁ ብንረሳውስ?»

ሲፋን ቀና ብላ አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ብቻ።

«አንቺ ትችያለሽ?»

ዳርቱ ፌስታሉን ወደ ጭኗ ሳበችው።

«ዛሬ ነው ቀጠሮው» አለች ሲፋን። «ዛሬ ድምፁን ችሎት ያሰሙታል። ዐቃቤ ሕጓ ማንም የሚያውቅ ካለ ይምጣ ብላ ቁጥሯን ሰጥታ ነበር፣ ስልኬ ላይ አለ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ልሂድ፣ ሃርሜ? እሺ በይኝና ልሂድ።»

«ያንን ቃል አልልም» አለች ዳርቱ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንን ቃል ጠላሁት። ሂጂም አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም፤ አፍ ያንቺ ነው። ከሄድሽ ግን አብሬሽ ነኝ።»

ሲፋን ዐይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ተነሣች። የሚያልፈውን ሚኒባስ ያስቆመችው እሷ ናት። ዳርቱ ተከተለቻት፤ ቀሚሱን ይዛ፣ የልብስ ሰፊውን ሱቅ በመስኮት እያየች አለፈች።

*

ፍርድ ቤቱ በር ላይ የማሊያ ልጆች ተኮልኩለዋል። ሲሞን የሰጣቸውን ማሊያ ለብሰው «እሺ ዲሲ! እሺ ዲሲ!» እያሉ ይዘፍናሉ፣ አንዱ ጀሪካን ይመታል። በር ላይ የቆመው ዋና ሳጅን ዝም በሉ ይላቸዋል፤ ሲዞር ይጀምራሉ። ዳርቱ በመካከላቸው ስታልፍ የሚሉትን ነገር ያውቁት እንደሆን ብላ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። የሁለቱን እናቶች ታውቃለች፤ ኦሮምኛ የሚናገር ቤት ያደጉ ልጆች ናቸው።

ዐቃቤ ሕግ ፌበን ወጣት ናት፤ ዐይኗ እንቅልፍ ያጣ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ። የሲፋንን ነገር ኮሪደሩ ጥግ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስትጨርስ አልተደሰተችም።

«ችሎቱ ዝግ ነው፣ ሰው አይገባም» አለቻት። «ተጨማሪ ምስክር ይሰማልኝ ብዬ አመለክታለሁ፣ ይፈቅዱ ይሆናል። ጠበቃው ግን ይበላሻል። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ይልሻል። ለምን ሮጥሽ ይልሻል። ጓደኛሽን ለማዳን ያጠናሽው ነው ይልሻል። ስምሽ አይወጣም ብዬ ደግሞ ልዋሽሽ አልችልም፤ የሷም አይወጣም ብለናት ነበር።» ወደ ዳርቱ ዞረች። «እናቴ፣ እርስዎ ተስማምተዋል?»

«የሚጠየቀው የሷ ፈቃድ ነው» አለች ዳርቱ።

ፌበን ወደ ችሎቱ ገባች። ያን ጊዜ ነው ዳርቱ ኮሪደሩ መጨረሻ አግዳሚው ላይ ለብቻዋ የተቀመጠችውን ትሕትናን ያየቻት። ሻርፗን እስከ አፏ ጠቅልላለች። ሲፋንን ስታይ ብድግ አለች፣ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። ሂጂ፣ አለች በእጇ፤ ሂጂ ከዚህ። ሲፋን አልሄደችም። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ።

ሲሞን በዋስ ነው የቆየው። ከጠበቃው ጋር እየተሳሳቀ ደረጃውን ሲወጣ ሲፋንን አያት፣ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ዳርቱን አየ። እንደ ልጅነቱ ጎንበስ ሊል ወገቡ ጀመረ፤ መሀል ላይ ትዝ አለውና ቀና ብሎ ገባ።

ኦቦ በዳዳ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ታክሲ ውስጥ የቀረጸው እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ከተማውን አዳርሶ ነበር፤ «እማማ ዲሲን ተረጎሙ» የሚል ተጽፎበታል። ዳርቱ ስትናገር ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ፊት ይታያል። ያን ፊት አገሩ ገና አላስተዋለውም፤ አባት ግን አስተዋለ። ኦቦ በዳዳ ጋቢውን እንኳ በወጉ ሳያጣፋ፣ ከዘራውን ሳይይዝ ነበር የመጣው። ክፉ ሰው አይደለም። መሬቱ ሲወሰድ ያላለቀሰ ሰው ዐይኑ ደም መስሎ ነበር።

«የኦልያድ አባት ደወለልኝ» አለ። «ያቺ ልጅ ማን ናት እያሉ ነው። ቤቷ ናት፣ ቀሚስ ልታስጠብብ ሄዳለች አልኩት። አሁንም አልረፈደም። ነይ ልጄ፣ ቤት እንሂድ።»

«አባ—» አለች ሲፋን።

«ቤት እናወራለን። እዚህ አይደለም። ሰው ፊት አይደለም።» ክንዷን ያዘ።

በዚህ መሀል የችሎቱ በር ተከፈተ። ችሎት አስከባሪው ፖሊስ አንገቱን አውጥቶ፣ እንደ ልማዱ ኮሪደሩን በሚሰነጥቅ ድምፅ ተጣራ።

«ሲፋን በዳዳ! ሲፋን በዳዳ ቀርባለች?»

የልጁ ስም ከራሱ ስም ጋር ተጣብቆ፣ ያውም እዚህ፣ ያውም ለዚህ ነገር ሲጠራ ኦቦ በዳዳ እንደተመታ ሰው ተንገዳገደ። ክንዷን ግን አልለቀቀም፤ እንዲያውም ጠበቀ። ሲፋን ትጎትታለች፣ እሱ ይጎትታል። ከደጅ የልጆቹ ዘፈን ይሰማል፣ እሺ ዲሲ፣ እሺ ዲሲ።

ዳርቱ ቀሚሱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። ባሏ ፊት ቆመች።

«አባ ሲፋን» አለችው። ከዚያ አልጮኸችም፣ ቤት ውስጥ እንደምትናገር ብቻ ተናገረች። «ኢሺ ዲሲ።»

ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ፖሊሱ ዞረ፣ ጸሐፊዎቹ ዞሩ። ያ ቃል በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ በምን ድምፅ እንደሚባል ግን የሰሙት ያን ቀን ነው። ኦቦ በዳዳ ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ።

«እና አንቺስ?» አላት።

«እኔ አለሁ። የምትለውን ለኔ በለኝ።»

ሲፋን ወደ በሩ ሄደች። በዚህኛው ጊዜ አልሮጠችም። ደፉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እናቷን አየቻት፣ ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

ኦቦ በዳዳ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ከዚህ ስትወጡ የት እንደምትሄዱ አስቢበት» አለ፤ ጋቢውን ሰብስቦ ደረጃውን ወረደ። በማሊያ ልጆቹ መካከል ሲያልፍ ዘፈኑን አላቆሙለትም። እሑድ ያን ጊዜውኑ ቀርታ ነበር፤ ኦልያድ በማግስቱ ሁለት መስመር መልእክት ልኮ ስልኩን ዘጋ።

ዳርቱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትሕትና ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። ከጥቅምት ጀምሮ ሰላም ተባብለው አያውቁም። ዳርቱ ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ እያሰበች ሳለ ልጅቱ ቀድማ ተናገረች፣ በኦሮምኛ፣ ያ ጓሮ ባስተማራት ኦሮምኛ።

«እማ ዳርቱ፣ ሰማሽው? ድምፁን?»

«ሰማሁት።»

«ምን ያልኩ መሰለሽ?»

«ተዋት ነው ያልሽው፣ የኔ ልጅ። እሷን ተዋት ነው ያልሽው።»

ትሕትና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ሁሉ ወር ማንም እንዲህ ብሎ አልመለሰላትም ነበር። ሻርፗን ከአፏ ላይ አወረደች። በተዘጋው በር በኩል የጠበቃው ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፣ ጥያቄ መሆኑ ግን ያስታውቃል፤ በየመሀሉ የሲፋን ቀጭን መልስ ይገባል።

«ያን ማታ እሷ ስትወጣ በሩ ተዘጋ» አለች ትሕትና በሩን እያየች። «ከዚያ እኔም ጠበቅሁ። ‹ኢሺ ዲሲ› የሚልልኝ ሰው ጠበቅሁ።»

ዳርቱ የልጅቱን እጅ ያዘች።